ኅዳር ሚካኤል በቬኒስ

እኛ የቦንጋ ልጆች ነን። እኅትና ወንድም ስንሆን ይህን ጽሑፍ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን በጋራ ጻፍነው፤ ስለዚህም «እኛ» ስንል ሁለታችንን ማለታችን ነው፤ አሳባችን በተለያየበት ስፍራ ግን «ታላቂቱ» እና «ታናሹ» እያልን እንለያለን። ታላቂቱ የደን አያያዝን፥ ታናሹ የመድኃኒት ቅመማን ለመማር በኢጣልያ አገር በፓዱዋ ከተማ እንኖራለን። የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1222 ነው፤ በእኛ አገር ቢቈጠር የቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት የተፈጸመበት ግድም መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በካፋ ደን መካከል ከምትገኝ ከተማ ተነሥተን እንዲህ ካለው የጥንት ትምህርት ቤት ደጅ መድረሳችንን አባትና እናታችን ለጎረቤት ሲያወሩ ደስ ይላቸዋል፤ እኛ ግን ከደስታው ጋር ናፍቆቱንም እናውቀዋለን።

ከፓዱዋ እስከ ቬኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እንዲህ ቅርብ ሆና ሳለች ዓመት ሙሉ ሳናያት ቈየን። ፈተናው አንድ ነገር ነው፤ ደግሞም «ቬኒስ ቦርሳ ታራግፋለች» ሲባል ሰምተን ስለ ነበረ ጕዞውን ከወር ወደ ወር ስናስተላልፈው ኖርን። በመጨረሻ ያስነሣን የቀን መቍጠሪያ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፥ የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል፥ ዓርብ ዋለ። በዚያ ቀን በቦንጋ እናታችን ዝክር ያዘጋጃሉ፤ ዳቦው ይደፋል፥ ንፍሮው ይቀቀላል፥ ጎረቤት ይጠራል። በፓዱዋ ግን እኛ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከሥዕለ ሚካኤል ፊት ሁለት ሆነን መቆማችን ነው። ይህንኑ ስናወራ አንዲት የትምህርት ጓደኛችን ሰማችና፥ «በዚያው ዕለት እኮ ቬኒስ ትልቅ በዓል አላት፤ ሕዝቡ ሁሉ ሻማ ይዞ በውሃ ላይ ይሻገራል» አለችን። ፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 የሚሉት ቀን በዚያ ዓመት የእኛ ኅዳር 12 ነበረ። ዓርብ ከቀትር በኋላም ትምህርት አልነበረንምና ተነሣን።

ባቡሩ ሜስትሬ ከምትባለው የየብስ ከተማ እንዳለፈ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በግራም በቀኝም ውሃ ብቻ ነው፤ ሐዲዱ የሚያልፍበት ረጅም ድልድይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ከተማይቱ በእግሩ የገባ ሰው አልነበረም። ይህን ስናይ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ያስታወስነው በልጅነታችን አያታችን ያሳዩንን ጉድባ ነው። የካፋ ነገሥታት አገራቸውን በጥልቅ ጉድባና በበር አጥረው ይጠብቁ ነበር፤ በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘምቶ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን እስከ ማረከበት ጊዜ ድረስ ያ ጉድባ ለዘመናት አገልግሏል። ዛሬ ቅጠልና ሣር ሞልቶት ከብት ይሰማራበታል። ታናሹ፥ «እኛ የቈፈርነው ሰው እንዳይገባ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በባሕር መካከል ተቀምጠው ሸቀጥ እንዲገባ ቦይ ከፈቱ» አለ። ታላቂቱ ግን ቬኒሶችም በመጀመሪያ ወደ ረግረጉ የገቡት ከየብስ ወራሪ ሸሽተው መሆኑን አስታወሰችው። ንግዱ የመጣው ኋላ ነው።

ከተማይቱን ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ ብንል ይበቃል፦ በአንድ መቶ ከሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች፥ ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች ያሏት፥ መንገዷ ውሃ የሆነ ከተማ ናት። መኪና የለም፤ ብስክሌት እንኳ የለም። በሽተኛ የሚሄደው በጀልባ ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በጀልባ ይመጣሉ፤ ቆሻሻ በጀልባ ይነሣል፤ ሬሳም በጀልባ ይሸኛል። ሰዎች ጎንዶላ ስለሚባለው ጥቁር ታንኳ ብዙ ይናገራሉ፤ እኛን ይበልጥ የገረመን ግን የባለ አገሮቹ ሴቶች ኑሮ ነው። አንዲት እናት ልጇን በጋሪ፥ ሸመታዋንም ባለ ጎማ ከረጢት ይዛ ከገበያ ስትመለስ በየመንደሩ ድልድይ ደረጃ ላይ ትወጣለች፥ ትወርዳለች፥ ደግሞ ትወጣለች። በቦንጋ አቅራቢያ የእግዜር ድልድይ የምንለው አለት አለ፤ የሰው እጅ ሳይነካው ወንዙ ከሥሩ ያልፋል። ያንን ተሻግረን ያደግን እኛ እንኳ አሥረኛው ድልድይ ላይ ጉልበታችንን ያዝን።

ሊመሽ ሲል ወደ በዓሉ ስፍራ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ «ማዶና ዴላ ሳሉቴ» ይባላል፤ የጤና እመቤት ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1630 ወረርሽኝ ገብቶ ከከተማይቱ ሕዝብ ሲሶ ያህሉን ፈጀ። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ሸንጎ መቅሠፍቱ ቢርቅ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ተሳለ፤ በሽታውም ቆመና ሎንጌና የሚባለው ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1631 ሥራውን ጀመረ። ከተፈጸመም በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በታላቁ ቦይ ላይ ለበዓሉ ብቻ የሚዘረጋ ድልድይ ይሠራል፤ ሕዝቡም ሻማ ይዞ በዚያ ላይ ይሻገራል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስንሰማ ልባችን ወዴት እንደ ሄደ አንተም ሳትገምት አትቀርም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ በአገራችን ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ፤ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሬሳ በየቤቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው። በሁለቱ መቅሠፍቶች መካከል ወደ 300 የሚጠጋ ዓመት አለ፤ በሁለቱ አገሮች መካከልም ባሕርና በረሃ አለ፤ መታሰቢያቸው ግን በአንድ ቀን ይውላል። እነርሱ በሻማ፥ እኛ በጢስ።

ወደ ውስጥ እንግባ አንግባ በሚለው ላይ በድልድዩ መካከል ቆመን ተከራከርን። ቤተ ክርስቲያናችን ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ እንዳልሆነች ከሕፃንነታችን ተምረነዋል። ታናሹ ከደጅ ቆመን እንመለስ አለ፤ ታላቂቱ ደግሞ ሥዕለ ማርያም ባለበት ስፍራ አባታችን ሆይ ማለት ማንን ያስቀይማል አለች። በዚህ ላይ ሳለን ከኋላችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ባዶ እጃችንን አይተው ከያዙት ሁለት ሻማ አንዱን ሰጡን። ቋንቋቸው የአገሩ ዘይቤ ስለ ነበረ ሁሉንም አልያዝነውም፤ «ለታመመ ሰው ነው» ያሉትን ግን ሰማን። ገባን፤ ከአንድ ዓምድ አጠገብ ቆመን የራሳችንን ጸሎት አደረስን፤ ሻማውን ግን እንደ ሌሎቹ ለአገልጋዮቹ ሳንሰጥ ይዘን ወጣን። ማታ ፓዱዋ ስንመለስ በሥዕለ ሚካኤል ፊት አበራነው። በውጭ በኩል ካስትራዲና የሚሉት የበግ ሥጋና የጎመን ሾርባ ሽታ መንደሩን ሞልቶት ነበር፤ የበዓሉ ምግብ እርሱ ነው። ዓርብ ስለ ነበረ ሽታውን ብቻ ተካፈልን።

አሁን ሳንናገር ያቈየነውን እንናገር። ሐሙስ ማታ አባታችን ከቦንጋ ስልክ ደውለው ነበር። አባታችን ከከተማው ወጣ ብሎ የጫካ ቡና አላቸው። ቡናው ከዋንዛ፥ ከሰሳና ከቀረሮ ጥላ ሥር የበቀለ ነው፤ በዛፎቹ ላይ ቀፎ ይሰቀላል፥ ከሥር ኮረሪማ ይለቀማል። ኅዳር የለቀማ ወር ነው፤ ለቃሚ ግን እንደ ልብ አይገኝም፥ ዋጋውም አንድ ዓመት ወጣ ቢል በሚቀጥለው ይወርዳል። ለታናናሾቻችን የትምህርት ወጪ አለ፥ የቤቱ ጣሪያም ያፈሳል። በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ መጥቶ የጥላ ዛፎቹን ግንድ ልግዛዎት፥ በቦታውም ባሕር ዛፍ ቢተክሉ በጥቂት ዓመት ገንዘብ ይሆንልዎታል አላቸው። አባታችን ይህን ሁሉ ከነገሩን በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ልጆቼ፥ እናንተ እንደ ሆናችሁ አትመለሱም። ታዲያ ዛፉን ለማን ብዬ ልጠብቀው?» አሉ። እሑድ እንመልስልዎታለን ብለን ስልኩ ተዘጋ።

እንግዲህ በሳሉቴ ደጅ፥ በዕብነ በረዱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለን ታላቂቱ ከትምህርቷ የምታውቀውን ነገረችን። ያ ታላቅ ሕንጻ የቆመው በአለት ላይ አይደለም፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የእንጨት ግንድ በጭቃው ውስጥ ተተክሎ በእርሱ ላይ እንደ ተሠራ ይነገራል። ከተማይቱም በሞላ እንዲሁ ናት። እንጨቱ አየር በማያገኝበት ጭቃ ውስጥ ስለ ተቀበረ አይበሰብስም፤ ከሜዳ ቢተውት ግን በጥቂት ዓመት ምስጥ ይጨርሰው ነበር። ግንዱ የመጣው ከሰሜን ተራሮች በወንዝ እየተንሳፈፈ ነው። ስለዚህም የቬኒስ መንግሥት ደን እንደ ዓይን ብሌን የሚጠበቅ መሆኑን ቀድሞ ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1548 ካንሲልዮ የሚባለውን ደን ለመርከብ መቅዘፊያ የሚሆን እንጨት ከዚያ እንዲወጣ ከልሎ «የቅዱስ ማርቆስ ታላቅ የመቅዘፊያ ደን» አሰኘው። ያለ ፈቃድ የቈረጠ ይቀጣ ነበር። ደኑም እስከ ዛሬ አለ።

ታናሹ ይህን ሲሰማ አልተደሰተም። «መንግሥቱ ዘበኛም ገንዘብም ነበረው። አባባ ያላቸው አንድ ገጀራና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ለዓለም የሚጠቅም ደን አንድ ገበሬ በገዛ ኪሱ ይጠብቅ ማለት ቀላል ነው» አለ። እውነቱን ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህ ክብር ነው፤ ክብሩ ግን ቈርቈሮ ሆኖ በጣሪያችን ላይ አልዋለም። ታላቂቱ ደግሞ ሌላ ነገር አነሣች። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን የሚያደርቅ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ የጅማ የእርሻ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር የፈለጉት በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ነው፤ አግኝተውም ለገበሬ አባዙት። በአንድ ጫካ ውስጥ ያሉ የቡና ዛፎች ወንድማማች ቢሆኑም መልካቸው አንድ አይደለም፤ ከመካከላቸው የትኛው ለነገው በሽታ መድኃኒት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። «ወረርሽኝ የሚመጣው በሰው ላይ ብቻ አይደለም» አለች። ታናሹ መድኃኒት ቅመማ ተማሪ ነውና በዚህ ነገር ዝም አለ፤ በጣሪያው ነገር ግን እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ አላቆመም።

ቅዳሜ ጧት ተመልሰን ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሄድን። ባለ ክንፍ አንበሳ በየበሩ፥ በየሰንደቁ፥ በየዓምዱ ላይ ተቀርጿል። የእኛም መምህራን ከአራቱ እንስሳ ገጸ አንበሳውን ለማርቆስ ይሰጣሉና እንግዳ አልሆነብንም። እንግዳ የሆነብን ወንጌላዊው ወደዚህ የመጣበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ዐፅሙን ሰርቀው አመጡ፤ የወደቡ ፈታሾች እስላሞች ስለ ነበሩ እንዳይነኩት በላዩ የእሪያ ሥጋ ጫኑበት ይላል ትውፊታቸው። ይህንኑ በወርቅና በቀለም ጠጠር ሥለው በቤተ ክርስቲያኑ ግንባር ላይ አሳይተዋል እንጂ አልሸሸጉትም። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው ሥዕሉን በበር ላይ አያሠራም ብለን ሳቅን።

ከውስጥ ግን አልሳቅንም። ጣሪያው በሞላ ወርቅ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ደብዛዛ መቅረዝ ነው። መቃብሩ ባለበት በታላቁ መሠዊያ ፊት ቆመን ያሰብነው ይህን ነው፦ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአራተኛው መቶ ዓመት ወደ እስክንድርያ ወርዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስናን የተቀበለው በዚህ ወንጌላዊ መንበር ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም.፥ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው እስከ ተሾሙበት ቀን ድረስ፥ ይህ ግንኙነት 1600 ዓመት ያህል ቈየ። እኛን ሕፃናት ሳለን ያጠመቁን ካህን ክህነታቸው ሽቅብ ቢቈጠር ወደዚህ ሐዋርያ ይደርሳል። ዐፅሙም ሁሉ በዚህ አልቀረም፤ ሰኔ 1960 ዓ.ም. የሮማው ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛ ከዐፅሙ ከፍለው ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለአባ ቄርሎስ ስድስተኛ መልእክተኞች ሰጡ። በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ናስር ጋር በስፍራው ነበሩ። የተወሰደ ነገር ከ1100 ዓመት በኋላ እንኳ ሊመለስ ይችላል። ታላቂቱ ይህን በጆሮው ስታንሾካሹክለት ታናሹ ለእርሱ የተነገረ መሆኑን ዐውቆ ፊቱን ወደ ሥዕሉ አዞረ።

ከአደባባዩ ወደ ሰሜን ዳርቻ ስንወጣ በውሃው መካከል በቀይ ግንብ የታጠረች፥ ጽድ የበዛባት ደሴት ታየችን፤ ሳን ሚኬሌ ትባላለች፥ ቅዱስ ሚካኤል ማለት ነው። ዛሬ የከተማይቱ መካነ መቃብር ናት። በ15ኛው መቶ ዓመት ግን ፍራ ማውሮ የተባለ መነኵሴ በዚያ ገዳም ተቀምጦ ታላቁን የዓለም ካርታ ሠርቷል። ያ ካርታ ደቡብን ወደ ላይ ያደርጋልና አገራችን ከአውሮፓ በላይ ተቀምጣለች። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውንም ከአገሩ ተወላጆች፥ ከመነኮሳት አፍ እንደ ሰማ ራሱ መስክሯል። እኒያ መነኮሳት በዚህ ውሃ ዳር በብርድ ቆመው ስለ አባይና ስለ አዋሽ ሲናገሩ በዓይነ ኅሊናችን አየናቸው፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ይሆን እያልንም ጥቂት አወራን።

ቡና ሳንጠጣ መመለስ ለካፋ ልጅ ነውር ነው። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ እ.ኤ.አ. በ1720 የተከፈተው ፍሎሪያን የሚባል ቡና ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ በመስኮቱ አየነውና አለፍን፥ የተማሪ ኪስ ለእርሱ አልተሰፋም። ከኋላ በአንድ ጠባብ መንገድ ሰዎች ቆመው የሚጠጡበት ትንሽ ስፍራ አግኝተን ገባን። ቀጂው ከወዴት ናችሁ ብሎ ጠየቀን። «ከካፋ» አልነው። «ካፌ?» አለ። «ካፋ» አልነው፤ ስኒውን ይዞ ቀረ።

ስለዚህ ስም ሳንሸፋፍን እንናገር። ካፌ የሚለው ቃል ከካፋ መጣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሊቃውንት የሚበዙት ግን ከዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክ በኩል መጣ ይላሉ። እኛም በካፊኛ የምንለው «ቡኖ» ነው እንጂ ካፋ አይደለም። ስለ ቃሉ መከራከር እንችላለን፤ ስለ ዛፉ ግን ክርክር የለም። ዐረቢካ የሚባለው ቡና በዱር የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ስሙን ዐረቢካ ያሰኘው የስዊድኑ ሊቅ ሊኔ እ.ኤ.አ. በ1753 ዛፉ የዐረቦች ስለ መሰለው ነው። ከእርሱ 161 ዓመት ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1592 የቡናን ዛፍ ሥዕል በአውሮፓ አሳትሞ ያወጣው ደግሞ ፕሮስፔሮ አልፒኒ ነው፤ በግብፅ ለቬኒስ ቆንስል ሐኪም ሆኖ ሳለ ነበር ያየው፥ ኋላም በዚችው በፓዱዋ የዕፀዋት አትክልት ቦታ ሹም ሆነ። በየሳምንቱ በዚያ አጥር ሥር ስናልፍ የአባታችንን ቡና እናስባለን።

ቀጂው ጨዋታ ወዳድ ነበረና የራሱን ነገር አጫወተን። የተወለደው በዚሁ መንደር ነው፤ አሁን ግን የሚያድረው በሜስትሬ ነው። «የአያቴ ቤት አራት ፎቅ ነው፤ ሌሊት መብራት የሚታየው በአንዱ ብቻ ነው፥ የቀረው ለእንግዳ ይከራያል» አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 በደሴቶቹ ላይ 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአንዳንድ ቀኖች ለቀን ጐብኚ የመግቢያ ዋጋ ተጥሎበታል። ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ከተማ ዳቦ ጋጋሪና ጫማ ሰፊ እያጣች ነው። ቤቱ አለ፥ ሥዕሉ አለ፥ ወርቁ አለ።

ወደ ባቡሩ ስንሄድ ብዙ አልተነጋገርንም። ታናሹ ብቻ በአንድ ድልድይ ላይ ቆመና፥ «አባባ የጠየቁት ስለ ዛፍ አይደለም» አለ። ታላቂቱም ይህን ከሐሙስ ጀምሮ ታውቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወልን። አስቀድመን የተስማማነው ለአባታችን ያልሆነውን ተስፋ እንዳንሰጥ ነው። ታላቂቱ ትምህርቷ ሲፈጸም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቦንጋ እንደምትመለስና በደኑ ሥራ እንደምትገባ ነገረቻቸው። ታናሹ እመለሳለሁ አላለም፤ አልመለስምም አላለም፤ ከትርፍ ሰዓት ሥራው ከሚያገኘው እየቈረጠ ለጣሪያው በየወሩ እንደሚልክ ብቻ ተናገረ። ስለ ቬኒስ ግንዶችም አጫወትናቸው። አባታችን በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፥ «አንድ ሚሊዮን ዛፍ በጭቃ ውስጥ? የቈረጠው ሰው እጁ አልዛለም?» ብለው ጠየቁ፤ ጥቂት ሳቁ። ከዚያም፥ «እንግዲያውስ ቀረሮዎቹና ሰሳዎቹ ይቁሙ፤ ቀፎም አለባቸው። አንዱ ዋንዛ ግን ዘንድሮ ሳይወድቅ አይቀርም፥ ክረምቱ የእናንተን ወር አይጠብቅም» አሉ። ታላቂቱ ልትመልስ አፏን ከፍታ ተወችው።

እናታችን ስልኩን ተቀበሉና ጾማችንን በምን እንደ ፈታን፥ ብርዱ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቁን። ስለ ሻማው ነገርናቸው፤ ሻማውን የሰጡንን አሮጊት ስም ለጸሎት ጠየቁን፥ እኛ ግን አላወቅነውም። «እንግዲህ የቬኒሷ እናት ብዬ አስባቸዋለሁ» አሉ። የዝክሩንም ድርሻችንን፥ ሁለት ቍራሽ ዳቦ፥ ለጎረቤት ልጆች መስጠታቸውን ነገሩን።